የቀበሮ ሽታና እትዬ ወጥመድ

በዘር መጋዘኑ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነበር። የቀረው ሰው፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ እትዬ ወጥመድ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነው። እሷ ግን አልከፋትም፤ እነሱ ሲያሾፉ የሚከፋት ቢሆን ኖሮ ድሮ ሞታ ነበር።

ሃያ ሦስት ዓመት አይጥ ስትይዝ ኖራለች። ወረቀቷ ላይ «የንጽሕና ሠራተኛ» ይላል፤ መጥረጊያ የምትጨብጠው ግን ሰው ሲያይ ብቻ ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ግራጫ ጋውኗን ደርባ፣ የጎማ ጓንቷን አጥልቃ ሰማንያ አራቱን ወጥመዶች አንድ በአንድ ትዞራለች። የትኛው ሞላው እንደላላ፣ የትኛው ስንት ቀን ባዶውን እንደከረመ በቃሏ ታውቃለች። የተያዘውን በጅራቱ አንጠልጥላ አንዴ ታየዋለች፤ ጥርሱን፣ ሆዱን፣ የጠጉሩን ድምቀት። ከዚያ ወደ ባልዲው።

አምስት ሥራ አስኪያጅ ሲቀያየር አይታለች። አንዱ መርዝ አስመጣ፤ አይጦቹ ግድግዳ ውስጥ ገብተው ሞቱና መጋዘኑ ሁለት ወር ሙሉ ገማ። ሌላው «አይጥ ብቻ የሚሰማው ድምፅ» ያወጣል የተባለ ሣጥን በየግድግዳው አስገጠመ፤ አይጦቹ ሙቀቱን ወደውት ከጀርባው ተኙ። ሁሉም ሲመጡ በጭብጨባ መጡ፣ ሲሄዱ በጓሮ በር ሄዱ። እሷም ከንፈሯን እያጣመመች ሸኘቻቸው።

አንድ ምስጢር ነበራት። ደንቡ፣ አይጥ የያዘ ወጥመድ በበረኪና ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይመለስ ይላል። በሦስተኛ ዓመቷ ደንቡን አክብራ አንድ ወር ሙሉ አጠበች። ወጥመዶቹ እንደ አዲስ ሳህን አብረቀረቁ፤ አይጦቹም በአጠገባቸው እያለፉ ዘሩን በሉ። ከዚያ ወዲህ ለተቆጣጣሪ የምታሳያቸውን ሃያ የታጠቡ ወጥመዶች ለብቻ አስቀምጣ፣ የምትሠራባቸውን ሳታጥብ መልሳ ትዘረጋለች። የገማው ይይዛል፣ የታጠበው አይይዝም። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ፣ የሚስባቸው የደም ሽታ ነው ብላ ለራሷ ወስናለች።

ሰው መናቅ ለእትዬ ወጥመድ እንደ መተንፈስ ነው። የእህቷን ባል ግን ጊዜ ወስዳ፣ አጣጥማ ነበር የምትንቀው። ሰውየው ድሮ ሻንጣ ተሸክሞ ሽቶ ያዞር ስለነበር ከጀርባውም ከፊቱም «ሽቶ» ነው የምትለው። ከሽቶው በኋላ፣ ራሱ ላይ ጠጉር ሳይኖር የጠጉር ማብቀያ ሸጠ። ቀጥሎ ቦርጩን እያስቀደመ የማቅጠኛ ሻይ ሸጠ። ታናሽ እህቷ ግን በየጊዜው «እታለም፣ ይሄኛው ሥራ የተለየ ነው» ትላታለች። እሷም «አዎ፣ ሻንጣው ተቀይሯል» ትላለች።

በዚያ ዓመት የተሸጠው የበቆሎ ዘር እየተመለሰ መጣ። ጆንያው ከታች ተበስቶ፣ የእያንዳንዱ ፍሬ የሚበቅልበት ጫፍ ብቻ ተመርጦ ተቆርጥሟል። ዘሩ የተበላው በአዲሱ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ሲሠራ ሃምሳ ወጥመድ ይጨመርልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃ፣ ሦስት ጊዜም «እናስብበታለን» ተብላ ነበር። አስበው ሲጨርሱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት።

ሰውየው ወጣት ነው። ጫማው ሁልጊዜ ያበራል፤ ወደ መጋዘን ሲገባ የሱሪውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ነው የሚራመደው። ከፊት ለፊቱ ሽቶ ክራባት አስሮ ተቀምጧል። ሻንጣውን ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ ብልቃጦች ደርድሯል።

«እትዬ፣ ትተዋወቃላችሁ መሰለኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምን ይደረግ» አለች።

ሽቶ ሳቀ። ሲሰደብ መሳቅ ሙያው ነው። ቤት ውስጥ አንቺ የሚላት ሰው ቢሮ ሲገባ አንቱ አላት። «እትዬ ቀልድ ይወዳሉ። እንግዲህ ሳይንሱ እንዲህ ነው። አይጥ ጠላቷን የምታውቀው በጠረኑ ነው። ይሄ የቀበሮ ሽንት ነው፣ ይሄ የድመት፣ ይሄ ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል። ጥጥ ላይ ጠብ እያደረግን በየማዕዘኑ እንሰቅለዋለን። ስታሸት ትደነግጣለች፤ ለቃ ትሄዳለች። መርዝ የለ፣ ደም የለ፣ ግማት የለ።»

«ቀበሮዋስ የት አለች?»

«ቀበሮዋ አታስፈልግም። ሽታዋ በቂ ነው።»

«የመጀመሪያ ቀን ይበቃ ይሆናል» አለች። «ሽታው ማንንም እንዳልበላ ሲያዩስ?»

ሽቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ ፈገግ አለ፤ አላልኩህም የሚል ፈገግታ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ድካምዎን እናከብራለን። ግን ጊዜው ተቀይሯል። ወጥመዶቹ ከነገ ጀምሮ ይሰብሰቡ። እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራሉ፣ ይገማሉ።»

ከጫማው እስከ ጠጉሩ አንዴ አየችው። መሃል ላይ የሚያስቆም ነገር አላገኘችም። ዞራ ወጣች።

ወጥመዶቿን ሰብስባ ከጓሮ ባለው ቆርቆሮ ቤት ቆለፈችባቸው። ሽቶ መሰላል ላይ እየወጣ ብልቃጦቹን ከነጥጣቸው ሰቀለ። መጋዘኑ ለዓመታት ያልታጠበ የሕዝብ ሽንት ቤት መሰለ፤ ጫኝና አውራጆቹ አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይሠሩ ጀመር።

የሚገርመው፣ አይጥ እውነትም ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ሳምንት። ሥራ አስኪያጁ ከብልቃጥ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። እሁድ እህቷ ቤት ስትሄድ ሽቶ ሶፋው ላይ ተንፈላሶ እግሩን አነባብሮ ነበር።

«እታለም፣ አሁን እንኳ እመኝ» አለቻት እህቷ፤ ዓይኗ ያበራል።

እትዬ ወጥመድ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። እቤቷ ስትመለስ አንድ ነገር እንደ ጠጠር በልቧ ተቀመጠ። ሽቶ ትክክል ቢሆንስ? ዘሩ ቢተርፍ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። ሽቶ ትክክል ከሚሆን አይጥ መጋዘኑን ቢወርሰው ይሻላት ነበር፤ ይህንንም ስታውቅ ራሷንም ትንሽ ናቀችው።

ቁጭ ብላ ግን አልጠበቀችም። በግድግዳው ጥግ ጥግ ነጭ ኖራ ስስ አድርጋ ነሰነሰች፤ የረገጠ ሁሉ ዱካውን እንዲተው። በዘጠነኛው ቀን ከብልቃጡ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ትንንሽ የእግር ምልክት አየች። የመጣችው አይጥ ቆማለች፣ ዞራለች፣ ተመልሳለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዱካው ከብልቃጡ ሥር ደረሰ። በአሥራ አምስተኛው አይጦቹ በዚያ ሲያልፉ መንገድ አውጥተዋል፤ ኩሳቸውንም ልክ ከቀበሮው ሽንት በታች ደርድረውታል። ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። «ዱካ ብቻ ነው፣ ጉዳት የለም» አላት ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ የሌሎች መጋዘኖች ኃላፊዎችን ጠራ። ሽቶ ነጭ ጋውን ለብሶ መጣ፤ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፤ ኪሱ ላይ የአንድ ክሊኒክ ስም ነበረበት። አሥር የሚሆኑ እንግዶች ስብሰባ ክፍል ተቀምጠው እሱ ስለ ፍርሃት ተፈጥሮ እያብራራ ሳለ፣ እትዬ ወጥመድ አካፋ ይዛ ገባች። አካፋውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከብልቃጦቹ መሃል፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

አካፋው ላይ የአይጥ ጎጆ ነበር። ከጆንያ ክርና ከተቀደደ ወረቀት የተሠራ፣ ውስጡ በነጭ ጥጥ የተነጠፈ። ጥጡ መሃል ዓይናቸው ያልተገለጠ ሰባት ቀያይ የአይጥ ልጆች ይላወሳሉ። የጥጡ ሽታ ለክፍሉ ሁሉ ደረሰ። ከብልቃጦቹ ሥር ተነቅሎ የሄደው፣ የቀበሮ ሽንት የጠጣው ያው ጥጥ ነው።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አልጋ ነው» አለች። «ሽቶ ያነጠፈላቸው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ሽቶ ግን አልተንገዳገደም። «ይሄ የሚጠበቅ ነው» አለ። «መጠኑ ሲያንስ እንዲህ ይሆናል። እጥፍ ብናደርገው…»

«እጥፍ ብታደርገው ፍራሹ ይወፍርላቸዋል።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ስብሰባው ለሻይ መበተኑን ተናገረ። እሷም አካፋዋን አንሥታ ወጣች።

ቆርቆሮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ከእንግዶቹ አንዷ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከእርሻ ምርምር ጣቢያ የመጣች። ሴትየዋ ሳትጠየቅ ገብታ አንዱን ወጥመድ አነሣችና አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። እትዬ ወጥመድ ብዙ የተማረ ሰው አይታለች፤ ወጥመድ የሚያሸት ግን የመጀመሪያዋ ነው። እዚያው ቆማ «አፍንጮ» የሚል ስም አወጣችላት።

«አይታጠቡም?» አለች አፍንጮ።

«ልትከሺኝ ነው?»

«ለማወቅ ነው።»

«አይታጠቡም። የታጠበ አይይዝም።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

ሃያ ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ ነበር። ሲመጣ ግን እንዲህ በቀላሉ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ መምጣቱ አናደዳት። «ደም ነዋ» አለች ፈጠን ብላ። «የደም ሽታ ይስባቸዋል።»

አፍንጮ ወጥመዱን መልሳ አሸተተችው። «ሲይዙ ወንድና ሴቱን ለይተው ያውቃሉ?»

«ለምን ብዬ? ላጋባቸው ነው?»

አፍንጮ ሳቀችና ነገሩን አስረዳቻት። ወንድ አይጥ በሽንቱ ውስጥ ለሴቶቹ የሚናገረው ነገር አለ፤ ጎልማሳ ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ፣ እዚህ አለሁ የሚል። የተያዘ ወንድ በድንጋጤ ሸንቶ ወጥመዱን ያጠጣዋል። ሴቶቹን የሚጠራቸው ያ ሊሆን ይችላል፤ ደሙ ላይሆን ይችላል። እርግጠኛ ግን አይደለሁም አለች።

«እርግጠኛ ካልሆንሽ ለምን ታወሪያለሽ?»

«እንድንሞክረው።»

እትዬ ወጥመድ አፍንጫዋን ነፋች። በልቧ፣ ይቺ ደግሞ ብልቃጥ የሌላት ሽቶ ናት አለች። እምቢ ግን አላለችም።

ሥራ አስኪያጁ ፈቀደ፤ የተመለሰው ዘር እንደ ተራራ ተከምሮ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በአዲሱ አዳራሽ ሃያ ሃያ ወጥመድ በሦስት ዓይነት ተዘረጋ። አንዱ የታጠበ፣ አንዱ የአይጥ ደም የተቀባ፣ አንዱ ደግሞ ወንድ አይጦች የተኙበት ሰጋቱራ ቆንጠር ተደርጎ የተጨመረበት። ሰጋቱራውን አፍንጮ ከጣቢያዋ በከረጢት እያመጣች በየሦስት ቀኑ ትቀይረዋለች። ማባበያው በሁሉም ላይ አንድ ነው፣ የተፈጨ ለውዝ። ቆጠራውን እትዬ ወጥመድ ለማንም አልሰጠችም። አፍንጮንም አላመነችም፤ ደብተሩን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ይዛ ትዞራለች።

በአርባ ቀን የታጠበው ዘጠኝ ያዘ። ደም የተቀባው አሥራ አንድ። ሰጋቱራ ያለበት ሠላሳ አንድ፤ ከነሱም ሃያ አራቱ ሴቶች።

እትዬ ወጥመድ ደብተሩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። ለብቻዋ ሁለት ሳምንት ጨምራ፣ ደሙን እጥፍ አድርጋ እንደገና ሞከረችው። ደሙ አሁንም ከታጠበው ብዙም አልተሻለም። ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ትክክለኛውን ነገር በተሳሳተ ምክንያት ስትሠራ ኖራለች። በየጠዋቱ አይጡን በጅራቱ ስታንጠለጥል መልሱ ፊት ለፊቷ እየተወዛወዘ እሷ ጥርስ ስትመረምር ነበር። ያላዩትን አየን የሚሉ ሰዎችን ስትንቅ የኖረች ሰው፣ ያ ንቀት ሙሉ በሙሉ ወደ ራሷ ዞሮ ሲመጣ ተሰማት። አልጣማትም።

«ደም አይደለም» አለቻት አፍንጮን በማግስቱ።

«አይደለም።»

«ሞኝ ነበርኩ ማለት ነው።»

«ያዩት ልክ ነበር፣ ምክንያቱ ብቻ ነው…»

«አታባብዪኝ» አለች። «ሰጋቱራውን ስጪኝ።»

ከዚያ በኋላ አዳራሹን በሦስት ወር አጸዳችው። አንድ ሴት አይጥ በተያዘች ቁጥር አንድ ጎጆ ሳይሠራ ይቀራል፤ ልዩነቱ በጆንያው ላይ ታየ። ጫኝና አውራጆቹ የቀበሮው ሽታ ለምን እንዳልሠራ ሲጠይቋት «ማንም ሳይነክሰው በየቀኑ የሚያስፈራሩት ፍጥረት ይለምዳል። እናንተም አለቃውን ለምዳችሁት የለም?» አለቻቸው።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ሥራው ሃያ ገጽ ሪፖርት ጻፈ። «በማኔጅመንቱ ሐሳብ አመንጪነት» ብሎ ይጀምራል። የአፍንጮ ጣቢያ አንድ መስመር ላይ ተጠቅሷል፤ እትዬ ወጥመድ «የጉልበት ድጋፍ» የሚለው ቃል ውስጥ ገብታለች። አንድ ቅጂ ሰጧት። ሦስት ገጽ አነበበችና አጣጥፋ ወለሉ ባልተስተካከለበት ቦታ ከሚወዛወዝ ወጥመድ ሥር ሸጎጠችው። ወጥመዱ መወዛወዙን አቆመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽቶ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ቤቷ መጣ። ውሃ እንኳ አላቀረበችለትም።

«እትዬ፣ አሁን ገበያው ወንድ አይጥ ነው» አለ። «የሰጋቱራውን ምንጭ ብቻ አሳዪኝ።»

«ምንጩ አይጥ ነው። ያዝና አራባው።»

ልታባርረው ያለችው ነገር ነው። ሰውየው ግን ምክር መሰለውና አደረገው። በቤቱ ጓዳ የእንጨት ሣጥን ሠርቶ ወንድ ናቸው ያላቸውን አሥራ ሁለት አይጦች አስገባ። ወንድና ሴት የመለየቱን ነገር አስፈላጊ ሆኖ አላገኘውም። በሁለተኛው ወር ሣጥኑ ሞልቶ፣ እንጨቱ ተቆርጥሞ፣ አይጡ ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት ተሻገረ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቷ ልብሷን በከረጢት ይዛ በሩን አንኳኳች።

«ስንት ይሆናሉ?» አለች እትዬ ወጥመድ።

«መቁጠር ትቻለሁ፣ እታለም።»

ያኔውኑ ሠላሳ ወጥመድና አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ይዛ ሄደች። ሽቶን ያገኘችው ምግብ ጠረጴዛው ላይ እግሩን ሰብስቦ ተቀምጦ ነው። ከዚያ ሆኖ፣ ነገሩ የመነሻ ችግር እንደሆነ፣ ትልቅ ትምህርት እንደወሰደበት ያስረዳት ጀመር። ከሥሩ ወጥመድ እየዘረጋች «እግርህን አውርድና ጓዳውን ጥረግ» አለችው። ከጠረጴዛው አልወረደም። አሥራ አንድ ቀን ተመላልሳ አርባ ስድስት አይጥ አወጣች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽቶ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ሄደ፤ የወገብ ሕመም የሚፈውስ ፍራሽ ይሸጣል ተባለ።

እህቷ በታላቋ ሳሎን ተቀምጣ ትንሽ አለቀሰች። እትዬ ወጥመድ አፏ ላይ አንድ ያማረ ስድብ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። «አልጋውን ወደ መስኮቱ እናዙረው» አለቻት። እህቷ እዚያው ቀረች። አሁን ሁለቱ የሚጣሉት ጋውኑ ከየትኛው ልብስ ጋር ይታጠብ በሚለው ነው።

በቀጣዩ ዓመት አፍንጮ አንዲት ብልቃጥ ይዛ መጣች። ውስጡ እንደ ውሃ የጠራ ነገር ነው። በወንድ አይጥ ሽንት ውስጥ ያሉትን ሽታዎች ለይተው በላቦራቶሪ የሠሩት ነው አለች፤ ከተሳካ አይጥ ማርባትም ሰጋቱራ ማመላለስም ይቀራል።

እትዬ ወጥመድ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ከሽቶ ወዲህ ብልቃጥ የያዘ ሰው አታምንም። ከፍታ አሸተተችው፤ ለሰው አፍንጫ ይህን ያህል የሚሸት ነገር የለውም። «ይሄ አይጥ አያታልልም» አለች።

«ይሞክሩት።»

አንድ ወር ሞከረችው። እንዲከሽፍ ነበር ምኞቷ፤ ይህን ከራሷ አልደበቀችም። በየጠዋቱ የብልቃጡን ረድፍ መጀመሪያ የምታየው ባዶ ሆኖ ልታገኘው ነው። በወሩ መጨረሻ ደብተሯን ገልጣ ደምራ፣ እንደገና ደመረች። ከዚያ አፍንጮ ጋ ደወለች።

«የኔ ሰጋቱራ አሥራ ስምንት» አለች።

«የኛስ?»

ደብተሩን እንደገና አየች። «አሥራ አራት። የታጠበው አምስት።»

«ይሠራል ማለት ነው» አለች አፍንጮ፣ ድምፅዋ በደስታ ሳስቶ።

«ከኔ ያንሳል።»

«ያንሳል። ግን ይሠራል።»

«አሥራ አራት ነው ያልኩሽ» አለች እትዬ ወጥመድ። «አሥራ አራት ብለሽ ጻፊ፣ አሥራ አምስት እንዳታደርጊው።»